አልጋው በየት ይውረድ

ቲርዛ ኤንዳኮት ያንን ቤት ትወደው ነበር ወይስ ትጠላው?

ጥያቄውን ያነሳችው ነርስ ግሪት ናት። የተጠየቀው ደግሞ የቲርዛ የወንድም ልጅ ዴንዚል ነው። ሁለቱም ኤክሰተር በሚገኘው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆመው ነበር። ዴንዚል ሃምሳን ካለፈ ቆይቷል። የተወለደውም ያደገውም ከአክስቱ ቤት ሽቅብ፣ አባቱ ባሠራው የጡብ ቤት ውስጥ ነው፤ የአክስቱን የሣር ክዳን ሳያይ የዋለበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። እንዲህም ሆኖ ቆቡን አወለቀ፣ ራሱን አከከ፣ «እንግዲህ...» አለ።

ምን ይበል? ሴትዮዋ ቤቱን ሳትረግም ውላ አታውቅም። ከወጥ ቤቱ በር በላይ ወፍራም የባሉጥ ግንድ ተጋድሟል። ቲርዛ ረጅም ሴት አይደለችም፤ ግንዱ ግን ከእሷም ያጠረ ነው። ጠዋት ጠዋት ግንባሯን ሳይመታት አይቀርም።

«አንተ የተረገምክ!» ትለዋለች፣ ሰው ይመስል። «ዕድሜ ልኬን ስመላለስ አንድ ቀን እንኳ ዞር በልልኝ እንጂ!»

እናቷ በሕይወት ሳለች እንግዳ እንዳይፈነከት ብላ ግንዱ ላይ ጨርቅ ጠምጥማበት ነበር። ቲርዛ እናቷ በተቀበረች ማግሥት ፈታ ጣለችው። እንግዳ ከሆነ ይማራል፤ ቤተኛ ከሆነ ደግሞ ማወቅ ነበረበት ባይ ናት።

ግድግዳውንም ትረግማለች። ከጭቃና ከጭድ ተረግጦ የተሠራ ነው። ከውፍረቱ የተነሳ የመስኮቱ ደፍ ላይ በግ ይተኛበታል፤ አንድ ክረምት የታመመ ግልገል ተኝቶበትም ያውቃል። የዴንዚል አባት ዋልተር በጎረምሳነቱ «ቤቱን ላዘምነው» ብሎ ከውጭ በኩል በሲሚንቶ ለሰነው። ከዚያ ወዲህ ጭቃው መተንፈሻ አጣ፤ የላስቲክ ካፖርት እንደ ለበሰ ሰው በውስጥ በኩል ያልበዋል። ቲርዛ ለዚህ ነገር ዋልተርን በቀብሩ ዕለት እንኳ አልማረችውም። ሣጥኑን ቁልቁል እያየች፣ «አንተማ አረፍክ» አለችው። «እኔ ያንተን ሲሚንቶ ላብ ስወለውል ልኑር።»

ቤቱ ተዳፋት ላይ የተጋደመ ረጅም ቤት ነው። ላይኛው ጫፍ የሰው ነው፣ ታችኛው ጫፍ የከብት ጋጥ፤ መካከላቸው ከፊት በር እስከ ጓሮ በር የሚዘልቅ መተላለፊያ አለ። ላሞቹ ከተሸጡ ዘመን አልፏል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ግን ሽታቸው ከድንጋዩ ይወጣል። «ሄደዋል ብለውኝ ነበር እኮ» ትላለች ቲርዛ አፍንጫዋን ይዛ።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሆስፒታል በፊት ከዚያ ቤት ውጭ አንዲት ሌሊት አድራ አታውቅም። በልጅነቷ ፕሊመዝ ከተማ አንድ ሐኪም ዘንድ የቤት ሠራተኛ ሆና ተቀጥራ ነበር። ጠዋት ሄደች፤ ማታ በመጨረሻው አውቶቡስ ተመለሰች። ምን ነካሽ ሲሏት «ጣሪያቸው ሩቅ ነው» አለች። ኋላም ስታንሊ የሚባል የሃዘርሊ ከተማ ከብት ነጋዴ ሊያገባት ፈልጎ አዲሱን ቤቱን ሊያሳያት ወሰዳት። ሻዩን ጠጣች፣ ኬኩን በላች፣ ከዚያ ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች።

«ይሄ ግድግዳ ነው ወይስ ብስኩት?»

ስታንሊ ሌላ አገባ። እሷ ወደ ግንዷና ወደሚያልበው ግድግዳዋ ተመለሰች፤ እናትና አባቷን አስታመመች፣ ቀበረች፣ ዶሮና ዝይ አረባች፣ እንደ ቅቤ የወፈረ ክሬም እያወጣች ሸጠች፣ ረገመች። ዴንዚል ይህን ሁሉ ለነርስ ግሪት ከየት ጀምሮ ያስረዳ?

ጣጣውን ያመጣው ደረጃው ነው። ደረጃው ከጭስ መውጫው ጎን እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠመዘዘ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ ነው። እያንዳንዱ እርከን በአንድ ወገኑ ሰፋ ይላል፤ በሌላው ወገኑ ሁለት ጣት አያስቆምም። መደገፊያ የለውም፤ በእሱ ፈንታ ገመድ ተንጠልጥሏል። በየካቲት አንድ ጠዋት ቲርዛ በአንድ እጇ ገመዱን፣ በሌላ እጇ ፖፖዋን ይዛ ስትወርድ አዳለጣት። ዴንዚል እንቁላል ሊወስድ ሲመጣ ደረጃው ግርጌ ተቀምጣ አገኛት። ፖፖው አልተሰበረም። የተሰበረው ዳሌዋ ነው።

«ምነው አልተጣራሽም?» አላት ደንግጦ።

«ማንን? አንተ እንደሆንክ ቁርስህን ሳትጨርስ አትመጣ።»

ሐኪሞቹ ዳሌዋን ጠገኑላት። እንቅልፏን ግን ሊጠግኑ አልቻሉም። ቀን ለአፍታ ከማሸለብ በቀር ዓይኗን አልከድን አለች። የእንቅልፍ ኪኒን ሰጧት፤ ምላሷ ሥር ደብቃ ካጠገቧ ለተኛችው በሽተኛ መረቀችላት። ያቺ ሴትዮ ቀኑን ሙሉ አንኮራፋች። ነርስ ግሪት፣ በየገጠሩ እየዞረች ከሆስፒታል የወጡትን በሽተኞች የምታየዋ ነርስ ማለት ነው፣ ዴንዚልን ወደ ኮሪደሩ የጠራችው በዚህ ምክንያት ነበር።

«ይስሙኝ ሚስተር ኤንዳኮት» አለችው። «ለአክስትዎ ከእንግዲህ ደረጃ የሚባል ነገር የለም። ምድር ቤት አልጋ ካዘጋጁላቸው ሐሙስ ቤታቸው ይገባሉ። ዓርብ ከምሳ በኋላ እኔ መጥቼ አያቸዋለሁ። አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ካገኘኋቸው ምንም ችግር የለም። ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያድሩ ከሆነ ግን እግራቸው ያብጣል፣ ደማቸው ይረጋል፤ ያንን እያየሁ ዝም አልልም። ኦክሃምፕተን ያለው የአረጋውያን ቤት አንድ ክፍል ይዞላቸዋል።»

ዴንዚል ኦክሃምፕተን የሚለውን ስም ሲሰማ ቆቡን መልሶ ደፋ። ከየካቲት ወዲህ የአክስቱ ወጥ ቤት መስኮት ጨለማ ነው። እሱ ደግሞ ማታ ማታ ሳያስበው መጋረጃውን ገለጥ እያደረገ ወደዚያ ያያል። እሷን እዚያ አስገብቷት ቢመለስ የመጪውን ጸደይ አበባ እንደማታይ ልቡ ያውቀዋል። ምድር ቤት አልጋ ማዘጋጀት ግን ቀላል ነገር መሰለው፤ ስለዚህ ደስ እያለው ወደ አክስቱ ገባ። ደስታው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እንኳ አልቆየም።

«አዲስ አልጋ እገዛልሻለሁ» አላት። «ሳሎን እናደርገዋለን። ሐሙስ ትገቢያለሽ።»

«የገዛ አልጋዬ እያለ?»

«ያንቺ ደርብ ላይ ነው አክስቴ።»

«ታዲያ አውርደው።»

«በየት በኩል?»

«አናጢ መሰልኩህ? አባቴ የተወለደው እሱ ላይ ነው፣ እኔም የተወለድኩት እሱ ላይ ነው። እስክሞት ድረስ በሌላ አልጋ አልተኛም። ከሞትኩ ወዲያ የትም ጣሉኝ።»

ዴንዚል ቆሽቱ እያረረ ወጣ።

ሴሲል ዬላንድ የመንደሩ አናጢ ነው፤ ግንበኛም ነው፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ሣጥን ይሠራል። ቀስ ብሎ ሠርቶ ፈጥኖ የሚበላ ሰው ነው። ሰኞ ዕለት ሁለቱ በደረጃው ተራ በተራ ወጥተው አልጋውን ዙሪያውን ዞሩት። ሙሉ በሙሉ ባሉጥ ነው። ሚስማር የሚባል አልነካውም፤ ሁሉም በእንጨት ችካል የተያያዘ ነው። ችካሎቹ ከዘመን ብዛት አብጠው ከአልጋው ጋር አንድ ሥጋ ሆነዋል።

«ይፈታል?» አለ ዴንዚል።

ሴሲል አንዱን ችካል በመዶሻ መታ አደረገው። ችካሉ ንቅንቅ ሳይል መዶሻው ተመልሶ ነጠረ።

«በመጋዝ ይፈታል» አለ።

«በመጋዝማ እኔንም አንተንም ትፈታናለች።»

ደረጃውን ለኩት፤ አልጋው ይቅርና የአልጋው ራስጌ ብቻውን አይዞርበትም። መስኮቱን ለኩት፤ በመካከሉ የድንጋይ ምሰሶ ተተክሎበታል፣ ድመት እንኳ ሆዷን ሰብስባ ነው የምትወጣው። ሴሲል ሜትሩን አጣጠፈና ወለሉን በጫማው ተረከዝ ረገጥ ረገጥ አደረገ።

«ያለው መንገድ አንድ ነው» አለ። «የሬሳ መውረጃው።»

ዴንዚል ይህን ቃል እንዳይሰማ ሲጸልይ ነበር። በዚያ ደረጃ የሬሳ ሣጥን አይወርድም፤ ስለዚህ ቤቱን የሠሩት ሰዎች ከሳሎኑ በላይ ካለው የደርቡ ወለል ጥቂት ጣውላዎችን በሚስማር ሳይመቱ ትተዋል። ደርብ ላይ ሰው ሲሞት ጣውላው ይነሳል፣ ሣጥኑ በገመድ ወደ ሳሎን ይወርዳል፣ ከዚያ በፊት በር ይወጣል። በመጨረሻ የወረዱት የቲርዛ አባት ናቸው። ኋላ ዋልተር፣ ያው ዋልተር፣ ከሥሩ የሳሎኑን ጣሪያ በነጭ ቦርድ ሸፈነው።

ማክሰኞ ዴንዚል ኤክሰተር ድረስ ነድቶ ሄዶ፣ ቃላቱን በልቡ አለስልሶ፣ አክስቱን ጠየቃት። ቃላቱን ማለስለሱ አልጠቀመውም።

«ሳልሞት መውረጃዬን ልትከፍት?» አለች፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት በሽተኞች ሁሉ ዞሩ። «በዚያ አያቴ ወረደች፣ እናቴ ወረደች፣ አባቴ ወረደ። የሚቀጥለው ተራ የማን እንደሆነ ጠፍቶህ ነው? በዚያ የወረደ አልጋ ላይ ጋደም ማለት ምን ማለት ነው? ለሬሳነት መለማመድ?»

«አልጋው እኮ ነው የሚወርደው አክስቴ፣ አንቺ አይደለሽም!»

«እኔና አልጋዬ አንድ ነን።»

«እሺ፣ በየት ላውርደው ታዲያ? ንገሪኝ!»

«አንተ ወንድ ልጅ አይደለህ? አስብ።»

ዴንዚል መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን በቡጢ መታው። ወደ ቤቱ እየነዳ አሰበ። ያሰበው ነገር መዋሸት ነበር።

ረቡዕ ጣሪያውን አፈረሱ። ቦርዱ እንደተላቀቀ የዘመናት ጭድ፣ የአይጥ ጎጆ፣ ጥቀርሻና የደረቀ የሌሊት ወፍ በሁለቱ ራስ ላይ ተናደ። ዴንዚል ሲያስነጥስ፣ ሴሲል «ይማርህ» ሲል፣ ዴንዚል እንደገና ሲያስነጥስ ቆዩ። ከዚያ ሁለቱም ደርብ ወጥተው ጣውላውን አነሱ፣ አልጋውን በጎኑ አስተኙት፣ ገመድ አሰሩለት፣ ገመዱን በወፍራሙ አግዳሚ ላይ አዙረው ቁልቁል መልቀቅ ጀመሩ።

«ልቀቅ» አለ ሴሲል።

«የቱን?»

«ያንተን።»

«ሁለቱንም ይዣለሁ እኮ!»

አልጋው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። አልወርድም አለ፤ አልወጣምም አለ። ዴንዚል በሆዱ ተኝቶ በቀዳዳው ቁልቁል ቢያይ፣ ሳሎኑ መካከል ጠረጴዛ ተገትሯል፤ ጠረጴዛው ላይ የሴሲል ምሳ፣ ሥጋና ድንች የታጨቀበት ትልቅ ፓስቲ፣ በወረቀት ላይ ተቀምጧል። የአልጋው ጎን ፓስቲው ላይ አርፏል።

«ጠረጴዛውን አንሳ አላልኩህም?» አለ ዴንዚል።

«አንስቼዋለሁ። ለምሳ መለስኩት።»

«አንተ ሰው... አንተ ሰው...» አለ ዴንዚል ገመዱን እንደያዘ። ሴሲል በደረጃው ወርዶ ጠረጴዛውን ከአልጋው ሥር ጎትቶ እስኪያወጣ ድረስ የዴንዚል ክንድ ከትከሻው ሊነቀል ደረሰ። በኋላ አልጋው ደህና ወረደ። ሴሲል ጣውላውን መለሰ፣ ከሥሩም በአዲስ ቦርድ ደፈነው። አዲሱ ቦርድ በድሮው መካከል እንደ ወርቅ ጥርስ ያበራ ነበር።

«አይታይም» አለ ሴሲል የተጨፈለቀውን ፓስቲ እየጎረሰ።

«ለዕውር አይታይም» አለ ዴንዚል።

ሐሙስ አምቡላንሱ በዝናብ መጣ። ቲርዛ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ፣ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ባርኔጣዋን እስከ ጆሮዋ ደፍታ ወረደች። በዚያ አገር የገበሬ ቤት የፊት በር ለጌጥ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚገባው በጓሮ ነው። የጓሮው በር ግን ደፍና ጠባብ መታጠፊያ ስላለው ተሽከርካሪ ወንበሩ አልገባ አለ። የቀረው የፊት በር ነበር። እሱም ከቲርዛ አባት ቀብር ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። አብጧል፣ ቀለሙ ከመቃኑ ጋር አንድ ላይ ደርቋል።

ሴሲል በጓሮ ዞሮ ከውስጥ ይታገለው ጀመር። ቲርዛ ደጅ ላይ፣ ዴንዚል በያዘላት ጃንጥላ ሥር ሆና በሩን አየችው።

«ይሄ በር የሚከፈተው ለሁለት ሰው ነው» አለች። «ለሙሽራና ለሬሳ። እኔ የትኛዋ ነኝ?»

«አክስቴ፣ ዝናብ ነው።»

«ጠየቅኩህ እኮ።»

«የፈለግሽውን ሁኚ! ብቻ ግቢ!»

ሴሲል ከውስጥ በኩል፣ «ሙሽራ ይሁኑ ሚስ ቲርዛ!» ብሎ ጮኸ። «ሚስቴ እንዳትሰማ እንጂ እኔ አለሁልዎት!»

«አንተን ከማገባስ ከጋጡ ልደር።»

በዚህ መሐል በሩ እንደ ጠመንጃ ጮኾ ተበረገደ፤ ሴሲልም በቂጡ ተቀመጠ። ወንበሩን ገፍተው አስገቧት። ቲርዛ ሳሎኑን ቃኘች፣ ምድጃውን ቃኘች፣ አልጋዋን ቃኘች። የገዛ አንሶላዋ፣ የገዛ ትራሷ፣ የገዛ ጥልፍ አልጋ ልብሷ ተነጥፎበታል። ፊቷ ሊፈታ ሲል ዴንዚል አየ።

«በየት ወረደ?» አለች።

«በደረጃው» አለ ዴንዚል።

ቲርዛ ቀስ ብላ አንጋጠጠች። ወርቅ ጥርስ የመሰለውን አዲስ ቦርድ አየችው።

«ታዲያ ደረጃው ጣሪያዬን ምን አደረገው?»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ አንድ ቃል ነው፤ አልተኛም። ዴንዚል ለመናት። አልተኛም። ሴሲል በጉዳዩ እጁ እንደሌለበት ማለ፤ ቆቡ ላይ ገና ጭድ ነበር። ወጣ በልልኝ አለችው። ዴንዚል የኦክሃምፕተንን ነገር፣ የነርሷን ቃል፣ የእግሯን ነገር አስረዳት። ሰማችው፣ ገባት፣ አልተኛም። ምድጃው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ነጋ። ዴንዚልም ወጥ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተጋደመ ነጋ፤ ሲነሳ ግንዱ ግንባሩን መታው። «የተረገምክ!» ሲል ቲርዛ ከሳሎን ሰማችው።

«እሱን ለምን ትሰድበዋለህ?» አለች። «ሰው ቤት ያደረ ሰው በሰላም እንኳ አይነሳም?»

ዓርብ ቀትር ሲሆን ፊቷ እንደ አመድ ነበር። ዓይኗ ሊከደን ይልና በድንገት ብድግ ታደርገዋለች። ቁርጭምጭሚቷ ከጫማዋ በላይ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ሾርባውን አልነካችም። ዴንዚል ሰዓቱን አየ፣ መንገዱን አየ፣ አክስቱን አየ፤ ውስጡ የነበረው ነገር ሁሉ ገንፍሎ ወጣ።

«ጨጓራዬን ላጥሽው እኮ!» ብሎ ጮኸ። እንዲህ አድርጎ ጮኾባት አያውቅም ነበር። «ጣሪያ አፈረስኩልሽ! የሌሊት ወፍ ሬሳ ራሴ ላይ ወረደ! ክንዴ ሊገነጠል ነበር! ያቺ ሴትዮ አሁን ትመጣለች፣ ወንበር ላይ ታገኝሻለች፣ አንስታ ትወስድሻለች። በቃ። ኦክሃምፕተን ጣሪያው ቅርብ ከሆነልሽ፣ ግድግዳው ብስኩት ካልሆነብሽ ሂጂ! እኔ እዚህ የጨለመ መስኮት እያየሁ ልኑር!»

በዚህ ጊዜ ሴሲል ገመዱን ሊወስድ በጓሮ በር ገብቶ ሳሎኑ ደፍ ላይ ቆሞ ነበር። ነገሩ የከፋ መሆኑን አየ፤ ግን ሁልጊዜም እንደሚያደርገው የመጣበትን ረስቶ ሌላ ነገር ጠየቀ።

«ሚስ ቲርዛ፣ ትናንት ቤቴ ሆኜ ሳስበው ነበር። ይሄ አልጋ መጀመሪያ በየት ነው የወጣው?»

«ምን በየት?»

«ማለቴ፣ በደረጃው አልወጣም። በመስኮቱም አልገባ። ደርብ ላይ ደግሞ አልበቀለም።»

ቲርዛ አዲሱን ቦርድ አየችው።

«አያቴ ለሠርጋቸው ነው ያሠሩት» አለች ቀስ ብላ። «እዚያ መንደር ታች፣ ከአናጢው ዘንድ። በጋሪ አመጡት ይባላል።»

«ታዲያ ጋሪው ደጅ ቆመ። ከዚያስ?»

ዴንዚል ፊቷን እያየ ነበር። አልጋው፣ ያውም የሙሽራ አልጋ፣ ሌላ የሚወጣበት መንገድ አልነበረውም። በዚያ ቀዳዳ የአያቷ ሣጥን ከመውረዱ በፊት ሰዎች ከታች እየገፉ፣ ከላይ እየጎተቱ፣ ምናልባትም እየተሳሳቁ ያንን አልጋ አውጥተውበታል። ያ ቀዳዳ መውረጃ ብቻ ሳይሆን መውጫም ነበር። ይህ ሁሉ በአክስቱ ፊት ላይ አንድ በአንድ ሲያልፍ አየ። «ልክ ናችሁ» እንደማትል ግን ያውቅ ነበር። አላለችምም።

«ለመሆኑ» አለች በመጨረሻ፣ «ማነው እንዲህ አጣሞ ያቆመው?»

«ምኑን?»

«አልጋዬን ነዋ! ዓይን የላችሁም? በማዕበል ላይ ያለ ጀልባ አስመስላችሁታል። ከትናንት ማታ ጀምሮ እያየሁት አንጀቴ ሲቃጠል አደረ።»

ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። አልጋው በእርግጥ ወደ መስኮቱ ክፉኛ አዘንብሏል።

«ወለሉ ነው» አለ ሴሲል።

«እግሩ ነው! የደርቡ ወለል ስለሚያዘነብል አያቴ በላይኛው ወገን ያሉትን ሁለት እግሮች በመጋዝ አሳጥረዋቸዋል። እናንተ ደግሞ አጭሩን እግር ወስዳችሁ በወለሉ ዝቅተኛ ወገን አቆማችሁት። ሁለት ጊዜ ይጣመም ብላችሁ? ስጠኝ ያንን መደገፊያ።»

«አክስቴ፣ አትነሺ...»

«ስጠኝ አልኩህ!»

ዴንዚል አራት እግር ያለውን የብረት መደገፊያ አቀረበላት። ተነሳች። ቀጥ ብላ ቆመችና ማዘዝ ጀመረች። አዙሩት። በዚያ አይደለም፣ በዚህ። የምድጃውን ድንጋይ እንዳትነኩ፤ ነካችሁት። ሴሲል፣ ሆድህን አስገባ። ዴንዚል፣ አንሳ እንጂ፣ ምን ይገፋል እንደ ፍየል? ሁለቱ ወንዶች በጠባቡ ሳሎን ውስጥ ያንን የባሉጥ ተራራ አንዴ ግድግዳው ላይ፣ አንዴ በራሳቸው ጉልበት ላይ እያጋጩ አዞሩት። የግድግዳው እርጥብ ልስን ተፋቀ። «እሱ የዋልተር ኃጢአት ነው፣ ተዉት» አለች።

አልጋው ከሞላ ጎደል ተስተካከለ።

«ተስተካከለ» አለ ሴሲል ላቡን እየጠረገ።

«ለዓይንህ ነው። የሚያውቀው ጀርባዬ ነው። ያዙኝ።»

ዴንዚል ምንም እንዳላሰበ፣ ምንም እንዳልገባው ሆኖ ያዛት። አንድ ቃል ቢተነፍስ ነገሩ እንደሚበላሽ ያውቃል። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጣት፣ እግሯን አንስቶ አልጋው ላይ አወጣላት፣ ትራሷን አቀና። ቲርዛ ጣሪያውን እያየች፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ጀርባዋን ወዲያና ወዲህ አደረገች።

«የራስጌው፣ የምድጃው ወገን ዝቅ ብሏል» አለች። «ድንጋይ ክተቱበት። ቀጭን።»

ሴሲል ከደጅ ጠፍጣፋ ድንጋይ አመጣ። ዴንዚል ጎንበስ ብሎ የአልጋውን ማዕዘን ከነአክስቱ አነሳ፤ ሴሲል በሆዱ ተኝቶ ድንጋዩን ከእግሩ ሥር አስገባ።

«በዛ» አለች ቲርዛ። «ቀጭን አልኩ እኮ። የመቃብር ድንጋይ ነው እንዴ ያመጣኸው? አውጣው። ሌላ... አንተ መቼም ዕድሜ ልክህን... አባትህም እንዲሁ ነበር፣ አንድ ነገር ቀጥ አድርጎ... ትንሽ ወደ... አይ፣ ወደ...»

ዴንዚል ማዕዘኑን እንደተሸከመ ቀሪውን ጠበቀ። አልመጣም። ሴሲል ከአልጋው ሥር ሆኖ፣ «ወዴት ሚስ ቲርዛ?» አለ በሹክሹክታ። ዴንዚል ቀና ብሎ አየ። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ ግንባሯ ላይ ያለው የቁጣ መስመር እንዳለ ነው፤ ትንፋሿ ግን እንደ ተኛ ሰው ረዝሟል።

ዴንዚል አልጋውን ማስቀመጥ ፈራ። ወገቡ ይጮኻል፣ ሴሲል ሁለተኛውን ድንጋይ ይዞ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። ነርስ ግሪት በዝናብ ካፖርቷ በሳሎኑ መስኮት አጎንብሳ አየች፤ ቲርዛ አልጋዋ ላይ መተኛቷን ስታይ ልታንኳኳ ያነሳችውን እጇን መለሰች። ዴንዚል ከተሸከመው አልጋ ላይ አንገቱን አዙሮ፣ ሊጮኽ ወይም ሊያለቅስ የደረሰ ሰው መስሎ፣ ምድጃው ላይ ያለውን ሰዓት ተመለከተ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር።